ለመስቀል ሳምንት፤ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ የሚደመጥ፣ የሚታይና የሚጎበኝ

በዚህ ዓምድ በየሳምንቱ ለቤተሰብ የሚሆን ሙዚቃ፣ ፊልምና ሥነ ጥበብ እንመርጣለን። ምርጫችን አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ አይርቅም፤ ቴአትር ቤቱም፣ ሙዚየሙም፣ የሥዕል አዳራሹም የተሰበሰበው እዚያ ነውና። የመስቀል ሳምንት ሲመጣ ግን የአዲስ አበባ ሰው ራሱ ከተማውን ጥሎ ይወጣል። ጉራጌው ወደ ጉራጌ፣ ሀድያው ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ሾኔና ወደ ሆሜቾ፣ ከምባታው ወደ ዱራሜ፣ ወደ አንጋጫና ወደ ሺንሺቾ ይጓዛል። ዓመቱን ሙሉ ሦስት ሰው የሚቀርብበት ገበታ በዚህ ሳምንት ዐሥራ አምስት ሰው ይከበዋል። ስለዚህ የዛሬው ምርጫችን ሰዉን ተከትሎ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ይወርዳል።

በሆሳዕናና በዱራሜ ለአንድ ሳምንት የሚሆን ሙዚቃና ጥበብ ለመምረጥ ስንነሣ አንድ ነገር ጎልቶ ታየን። በዚህ ሳምንት በአካባቢው የሚሰማው ምርጥ ዜማና የሚነገረው ምርጥ ታሪክ ያለው በአያቶች ዘንድ ነው። አያቶች ደግሞ አዳራሽ አይከራዩም፣ ማስታወቂያ አይለጥፉም። ካልተጠየቁ አያወጡትም። ጠያቂው ልጅ ዓመቱን ሙሉ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ ወይም ጆሃንስበርግ ነው። ከልጅ ልጆች ብዙዎቹ የአያታቸውን ቋንቋ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩትም። የመስቀል ሳምንት ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ጊዜ ነውና ምርጫችንን በዚሁ ዙሪያ አድርገነዋል፤ የሚደመጠውም፣ የሚታየውም፣ የሚጎበኘውም አያትና የልጅ ልጅ አንድ ላይ የሚሠሩት ነገር እንዲኖረው አስበን መርጠናል።

የሚደመጥ፦ ያሆዴ በአያት አንደበት

ያሆዴ የሀድያ ብሔር የዘመን መለወጫ ነው። በመስከረም አጋማሽ፣ ከመስቀል ጋር ተያይዞ ይከበራል። ክረምቱ፣ ጭጋጉና የወንዙ ሙላት አልፎ ብርሃን የሚታይበት፣ የተለያየ ዘመድ የሚገናኝበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ነው። በሆሳዕና ሀድያ ነፈራ በሚባለው አደባባይ ሕዝቡ በባህል ልብሱ ተሰብስቦ ሲጨፍር በቴሌቪዥን ያያችሁ ብዙዎች ትኖራላችሁ። የከምባታው በዓል ደግሞ መሳላ ይባላል። እሱም ከመስቀል ጋር የሚውል፣ ወራት ሙሉ የሚታሰብለት በዓል ነው።

አደባባዩ ይታይ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ለጆሮ የሚሆነው የሳምንቱ ምርጫችን ግን ማታ በቤት ውስጥ የሚሰማው ነው። በድምፅ ማጉያ የሚለቀቀው የበዓል ዘፈን ለጭፈራ እንዲመች ተሳጥሯል፤ ግጥሙም ተመርጧል። አያት የሚያውቁት ግን ረዥሙን ነው፤ አንዱ የሚያወጣውን፣ ሌላው የሚቀበለውን፣ መሐል ላይ የጎረቤት ስም እየገባ የሚወደስበትንና የሚተረብበትን።

ይህን የምንለው እንዲያው አይደለም። ጀርመናዊው የታሪክና የባህል ተመራማሪ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ከሀድያው ጥላሁን ሚሻጎ ጋር የሀድያን ትረካዊ ዘፈኖች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1999 በፍራንክፈርት አሳትመዋል። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ውዳሴና ትረባ» እንደማለት ነው። ሁለቱ ቃላት የዘፈኑን ጠባይ በደንብ ይገልጹታል። ጀግናና ባለ ብዙ ከብት ይወደሳል፤ ሰነፍና ንፉግ ደግሞ በለዘበ ቃል ይነካል። መጽሐፉ በፍራንክፈርት ቢታተምም ዘፈኑ የተገኘው ከሀድያ ገበሬዎች አፍ ነው። ዛሬም በሀድያ ቤት ውስጥ ከዚያ መጽሐፍ ያልገባ ዘፈን የሚያውቅ አያት ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ከእራት በኋላ ለአያት አንድ ጥያቄ አቅርቡላቸው፤ «እርስዎ ልጅ ሳሉ ለያሆዴ ምን ይባል ነበር?» በሉ። አንዱን ስንኝ ከነገሩ ሁለተኛው ራሱ ይመጣል። ልጆቹ ተቀባይ ይሁኑ። ቃሉን ባያውቁት እንኳ መቀበያው አጭርና ተደጋጋሚ ስለሆነ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ይይዙታል።

የሚደመጥ፦ ዘፈን ለማይዘፈንበት ቤት

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ «በእኛ ቤት ዘፈን አይዘፈንም» ይላል። እውነት ነው። ሀድያና ከምባታ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት እጅግ የተስፋፉበት ምድር ነው። የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን ሆሳዕና የገቡት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ነበር። ኢጣሊያ አገሪቱን በወረረች ጊዜ ወጡ። ሲመለሱ ያገኙት ግን ትተውት ከሄዱት ጥቂት ሰው ይልቅ እጅግ የበዛ ምእመን ነበር። በእነዚያ ዓመታት እምነቱ ከመንደር ወደ መንደር የተላለፈው ማንበብ በሚችሉ ጥቂቶችና መዘመር በሚችሉ ብዙዎች ነው።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ቤት ምርጫችን በሀድይሳ ወይም በከምባትሳ የተዘመሩ የቀድሞ መዝሙሮች ናቸው። ዛሬ የአካባቢው ወጣት መዘምራን በአማርኛ ይዘምራሉ፤ ኪቦርዱና ቅንብሩም ከአዲስ አበባው አይለይም። አያት ግን ያለ መሣሪያ፣ በጭብጨባ ብቻ የሚዘመረውን፣ አንዱ አውጥቶ ጉባኤው የሚቀበለውን ያስታውሳሉ። ያንን መዝሙር ማን እንዳወጣው፣ በየትኛው ቤት ጸሎት እንደተማሩት፣ በክፉ ቀን የት ተደብቀው እንደዘመሩት ጠይቋቸው። በደርግ ዘመን ብዙ የጸሎት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው አረጋዊ ጥቂት ነው።

ኦርቶዶክሱ ቤት የደመራውን ወረብ፣ ሙስሊሙ ቤት መንዙማውን በዚሁ መንገድ ይያዝ። በሀድያ ሦስቱም ሃይማኖት ጎረቤት ነው።

የቀድሞው ዘፈንስ? ቤተሰቡ እንዳመነበት ይወስን እንጂ አንድ ነገር ለይቶ ማየት ይጠቅማል። አያት የተዉትን ዘፈን እንዲዘፍኑት ማስገደድ አንድ ነገር ነው። «ድሮ እንዲህ ይባል ነበር» ብለው ግጥሙን በንግግር እንዲያወርሱ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ታሪክ መንገር ነው። ብዙ አረጋውያን ዜማውን ትተው ቃሉን ብቻ ሲጠየቁ ደስ ብሏቸው ይናገራሉ። ደስ ካላላቸው ደግሞ ይቅር፤ የሚጠየቅ ሌላ ሞልቷል።

ለዐዋቂዎችና ለትልልቅ ልጆች የሚታይ፦ «ላምብ»

የፊልም ምርጫችን የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው፤ ስሙ በእንግሊዝኛ በግ ማለት ነው፤ ንግግሩ ግን አማርኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል በይፋዊው ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ኤፍሬም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። እናቱ በድርቅ ሞታለች። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ልጁን ሩቅ አገር ላሉ ዘመዶች ትቶት ይሄዳል። ልጁ የቀረችው አንዲት በግ ናት። አጎቱ ደግሞ በጓን ለመጪው በዓል ለማረድ አስቧል። ኤፍሬም ወጥ መሥራት ይችላል፤ ከእናቱ ነው የተማረው። አጎቱ ግን ወንድ ልጅ ማጀት መግባቱ ያናድደዋል።

ይህን ፊልም ለዚህ ሳምንትና ለዚህ አካባቢ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው አባትየው ነው። ከሀድያና ከከምባታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መጉረፍ ከጀመሩ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ሆኗል። በየመንደሩ ዘመናዊ ቤት የተሠራው፣ ሱቅ የተከፈተው፣ ታናሽ የተማረው ከዚያ በመጣ ገንዘብ ነው። በመንገድ የቀሩም፣ በዘረፋ የሞቱም፣ ድምፃቸው የጠፋም አሉ። ልጆቻቸው ከአያት ጋር ቀርተዋል። እንዲህ ያለ ልጅ «አባዬ ለምን ሄደ?» ብሎ ለመጠየቅ ቃል አያገኝም፤ ስለ ኤፍሬም አባት ግን መጠየቅ ይችላል። አያት ሆይ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን ዘግተው «አባቱ ይወደው ነበር ወይስ አይወደውም?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን አያርሙት። የሚነግርዎ ስለ ራሱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ማጀቱ ነው። የያሆዴ ዋዜማ ምግብ አታካና ነው፤ ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት ይሠራል። የሚሠሩት ደግሞ ወንዶች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ማጀት የማይገባው አባወራ በዚያ ቀን ድስቱን ይዞ ይቀመጣል፣ ያማስላል፣ ለሚስቱና ለልጆቹ ያቀርባል። የኤፍሬም አጎት ሀድያ ቢሆን ኖሮ ምን ይል ነበር? ይህን ጥያቄ ለወንዶች ልጆቻችሁ ስጧቸው። ከዚያ አባትም አያትም አጠገባቸው አስቀምጠው አታካናውን ያሳዩአቸው። ቅቤው መቼ እንደሚነጠር፣ ቡላው መቼ እንደሚገባ፣ እሳቱ ምን ያህል መሆን እንዳለበት የተጻፈ መመሪያ የለውም፤ ልጅ የሚማረው አባቱ ሲሠራ አይቶ ነው።

ፊልሙ ከዐሥር ዓመት በላይ ለሆኑ ይሻላል። የእናት ሞት ስላለበት በቅርብ ሐዘን ለደረሰበት ልጅ አስቡበት።

ለታዳጊ ሴቶች ልጆች፦ «ድፍረት»

ከ14 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት» እንመርጣለን። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችና ራሷን ስትከላከል ጠላፊዋን የገደለች ልጅ ታሪክ ነው። መነሻው በአርሲ የደረሰ እውነተኛ ጉዳይ ነው። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ለምን ለዚህ ሳምንት? ምክንያቱም ከምባታ በዚህ ጉዳይ የራሷ ታሪክ አላት። የከምባታዋ ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባቋቋሙት ድርጅት አማካይነት የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን በየመንደሩ እየዞሩ አስቁመዋል። ሥራቸው የተሳካው በስብከት ብቻ አልነበረም። ሰዉን ሰብስበው ቀን ከቀን አወያዩት፤ ሽማግሌውም፣ ቄሱም፣ ሼኩም፣ ወጣቱም ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጅየሙን የንጉሥ ቦድዊን ሽልማት ተቀብለዋል፤ በ2019 አርፈዋል። ዛሬ በዱራሜ ዙሪያ ያለች የ15 ዓመት ልጅ ሳትገረዝ ስታድግ ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ የነበረ ሊመስላት ይችላል። እንዳልነበረ አያቷ ያውቃሉ። እናትና አያት አብረው ይዩት፤ ከፊልሙ በኋላ የሚናገሩት ከፊልሙ ይበልጣል።

ለትንንሾቹ፦ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»

ለሕፃናቱ የቆየ ወዳጅ እንመርጣለን። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በቴሌቪዥን ታይቷል። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ በየክፍሉ አንድ ነገር ግራ ይገባታል፣ ትጠይቃለች፣ ትማራለች። በ2008 የጃፓን ሽልማት የተሰኘውን ዓለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራሞች ውድድር አሸንፏል። ክፍሎቹ አጫጭር ናቸው። አንዱን ካያችሁ በኋላ አጥፉትና አያት ያንኑ ታሪክ በሀድይሳ ወይም በከምባትሳ መልሰው ይንገሩት። ሕፃኑ ታሪኩን ስለሚያውቀው ቃሉ አይጠፋበትም። ቋንቋ ለማስለመድ ከዚህ የቀለለ ዘዴ አናውቅም።

የሚነበብ፦ «ትንሹ ልዑል» በከምባትሳ

ፈረንሳዊው አንቷን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ የጻፈው «ትንሹ ልዑል» በዓለም ላይ በብዙ ቋንቋ ከተተረጎሙ መጻሕፍት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከምባትሳ ከእነዚያ ቋንቋዎች ተርታ ገብቷል። የተረጎሙት ደግነት ወታንጎ ዶይሶና የቋንቋ ተመራማሪዋ ኢቮን ትራይስ ናቸው፤ የታተመው በጀርመን ነው።

መጽሐፉ የአያትና የልጅ ልጅ ሥራ ነው ስንል ምክንያት አለን። ከምባትሳም ሀድይሳም በትምህርት ቤት የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። አያት ፊደል ቆጥረው ከሆነ የቆጠሩት ሀ ሁ ነው። የልጅ ልጅ ላቲኑን ያነባል፤ ቃሉን ግን በደንብ አይጠራውም፣ ግማሹንም አያውቀውም። እሱ ያንብብ፣ እሳቸው ይስሙ። ሲሳሳት ያርሙታል፤ ያልገባውን ይተረጉሙለታል። ሁለቱም አንዱ ያለ ሌላው ሊያነበው የማይችለውን መጽሐፍ አብረው ያነባሉ። መጽሐፉን ያላገኘ ቤት የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል የአፍ መፍቻ ቋንቋ ማንበቢያውን ያውጣ። ሀድይሳ ባለፉት ዓመታት የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ መጻሕፍት ከተዘጋጁባቸው ሰባት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር።

የሚጎበኝ፦ የተሣለ ግድግዳ፣ የተሰፋ ቅርጫት፣ የሐምበሪቾ ደረጃ

የሥዕል አዳራሽ ለሚፈልግ የዚህ አካባቢ አዳራሽ መንገድ ዳር ነው። ከሆሳዕና ወይም ከዱራሜ ወደ ሀላባ የምትወርዱ ከሆነ መኪናውን ቀስ አድርጉ። የሀላባ ቤቶች ግድግዳቸው የተሣለ ነው፤ አንበሳ፣ አበባ፣ ባለ ማዕዘን ቅርጽ፣ የቀለም ሰንበር። ከሀላባ ቁሊቶ በሻሸመኔና በሶዶ መንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ ያስታውሳቸዋል። ቤቱ የሰው መኖሪያ ነውና ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሡ። ቆርቆሮና ብሎኬት በገባበት ቤት ሥዕሉ እየቀረ ስለሚሄድ ልጆቹ ዛሬ ያዩት በሚቀጥለው ዓመት ላይኖር ይችላል።

ሁለተኛው አዳራሽ ገበያው ነው። የበዓል ገበያ ላይ ሴቶች የሚያመጡትን የስፌት ዕቃና ሸክላ ልጆቹ በእጃቸው ይዘው ይዩት። ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት «ስንት ቀን ፈጀብሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሸክላ ሠሪዎች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። በሀድያም በከምባታም ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦች በሥራቸው ምክንያት ከሌላው ተገልለው፣ በጋብቻና በገበታ ተለይተው ኖረዋል። ድስቱ ከሁሉም ቤት ገብቷል፤ ሠሪዋ ግን ከብዙ ቤት በር አላለፈችም። አያቶች ይህን ለልጅ ልጆቻቸው ሳይሸፍኑ ቢነግሯቸውና ለሠሪዎቹ የሚነገረውን የንቀት ስም ከቤታቸው ቢያስወጡት ለበዓሉ ትልቅ ስጦታ ነው።

ሦስተኛው ጉብኝት ጉልበት ይጠይቃል። ከዱራሜ አጠገብ ያለው የሐምበሪቾ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 3,058 ሜትር ይደርሳል። ወደ ላይ የሚያወጣ 777 ደረጃ ተሠርቶለታል። የቁጥሩ መነሻ ሰባት ነው፤ የከምባታ ሰው ሰባቱን የመጀመሪያ ጎሣዎች ከተራራው ስም ጋር አያይዞ «ሐምበሪቾ ላመላ» ይላል፤ ላመላ ሰባት ማለት ነው። ታዳጊዎቹ ይውጡት። አያት ከታች ተቀምጠው ይጠብቁ፤ ሲወርዱ ግን ሰባቱን ጎሣዎች በስም ይንገሯቸው፤ ቤተሰቡ ከየትኛው እንደሆነም ይጨምሩበት።

የሚጠየቅ፦ እሌኒና ባሊሽሻ

ሁለት ታሪኮች ደግሞ ገንዘብም መንገድም አይጠይቁም።

የመጀመሪያው ስም ነው። የሆሳዕና ልጅ ሁሉ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልን ያውቃል፤ ብዙዎቹ እዚያው ተወልደዋል። እሌኒ ማን እንደነበረች የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? የሀድያ ገራድ ልጅ ነበረች። ወደ ዐፄዎቹ ቤተ መንግሥት በጋብቻ ገብታ ለረዥም ዘመን ከፍተኛ ሥልጣን ነበራት፤ ልብነ ድንግል ሕፃን ሳለ በሞግዚትነት አገር አስተዳድራለች፣ ወደ ፖርቱጋልም መልእክተኛ ልካለች። የምስጋና መጻሕፍት በግዕዝ እንደደረሰችም ይነገርላታል። ከሀድያ ሙስሊም ቤት ወጥታ የግዕዝ ደራሲ የተባለች ሴት ናት። ከተማዋ ራሷም የስም ታሪክ አላት፤ ሆሳዕና ከመባሏ በፊት ዋቸሞ ነበረች። የድሮ ስሟን ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ይዞታል።

ሁለተኛው የሴቶች ነው። በከምባታ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ከስማቸው መነሻ ጋር የሚመሳሰለውን ቃል ሁሉ ትተዋለች፤ በምትኩ ሌላ ቃል ታገኛለች ወይም ትፈጥራለች። ይህ ባሊሽሻ ይባላል። ትራይስ ይህን ባህል እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመችው ጥናት መዝግባዋለች። ዛሬ ይህን የሚጠብቁ ጥቂቶች ናቸው። ሴት አያት ካሉ «አማትዎ ስማቸው ማን ነበር? ስለዚህ ወተትን፣ ውሃን፣ ላምን ምን ብለው ይጠሩ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከሳቃቸው ጋር አንድ ሙሉ መዝገበ ቃላት ይወጣል። አንዳንዷ አያት ደግሞ የዚያን ዘመን ሙሽራ ምን ያህል ትጨነቅ እንደነበር ትነግራችኋለች፤ እሱንም ስሙ።

እንዴት እንቅረጸው?

ከላይ የመረጥነው ሁሉ በዚህ ሳምንት ይሰማል፤ ካልተቀረጸ ግን በሳምንቱ መጨረሻ ከእንግዶቹ ጋር ይበተናል። ለዚህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በእጃችሁ ያለው ስልክ ይበቃል። ጥቂት ነገር ብቻ ጠብቁ።

ቴሌቪዥኑንና ሬዲዮውን አጥፉ፤ በሩን ዝጉ። ስልኩን ከተናጋሪው ፊት፣ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ትራስ ወይም ጋቢ ላይ አስቀምጡት፤ በእጅ ከተያዘ ይንኮሻኮሻል። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ሙሉ ስምና የትውልድ መንደር በድምፅ ተናገሩ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ፋይሉን የሚከፍተው ሰው ማን እንደሆኑ አያውቅምና። ሲዘፍኑ ወይም ሲዘምሩ አታቋርጡ፤ ጥያቄ ካላችሁ ሲጨርሱ ጠይቁ። ከዚያ ያልገባችሁን ቃል አንድ በአንድ አስተርጉሙ፤ ትርጉሙም ይቀረጽ።

ከመቅረጻችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። አያት ለቤተሰብ የነገሩት ሁሉ ለአገር የሚነገር አይደለም። በቲክቶክ እንዳይወጣ ከፈለጉ አይወጣም።

ፋይሉን በአንድ ስልክ ብቻ አታስቀሩ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ውሃ ይገባዋል። ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ ገልብጡት፤ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይም አስቀምጡት። ደርባንና ጆሃንስበርግ ያለው ልጅ ለበዓሉ ገንዘብ ልኳል፤ በሬው የታረደው ባስቀመጠው ነው። እሱም ከበዓሉ ድርሻ አለው። የእናቱ ድምፅ በራሱ ቋንቋ ሲዘፍን ወይም ሲዘምር ማታ ሱቁን ዘግቶ ቢሰማው ድርሻው ደረሰው ማለት ነው።

ሳምንቱ በአጭሩ

ቅዳሜ ገበያ ውጡ፤ የሸክላውንና የስፌቱን ሥራ እዩ። እሑድ ከሰዓት ከሕፃናቱ ጋር «ፀሐይ»ን፣ ማታ ከትልልቆቹ ጋር «ላምብ»ን ተመልከቱ። የበዓሉ ዋዜማ አታካናው ሲሠራ ወንዶች ልጆች ከድስቱ አይራቁ። በበዓሉ ቀን ከአደባባዩ መልስ አያት ያውጡ፣ ቤቱ ይቀበል፣ ስልኩ ይቅረጽ። በማግሥቱ የቻለ ሐምበሪቾን ይውጣ። ወደ አዲስ አበባ ከመመለሳችሁ በፊት ባለችው አንድ ማታ መጽሐፉን አንብቡ፤ የእሌኒንም ታሪክ ንገሩ።

ሁሉንም መሥራት የሚችል ቤት የለም። አንዱን ብቻ የምትመርጡ ከሆነ አያትን መቅረጹን ምረጡ። ፊልሙ በሌላ ሳምንትም ይታያል፤ ተራራውም ባለበት ይቆያል።

መልካም የመስቀል በዓል።